ድምፅ ያልገባበት ዘፈን

«ግድግዳ ላይ ፍራሽ የሚሰቅል ሰው አይቼ አላውቅም» አለች የኔነሽ። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ በስፖንጅ ፍራሽና በብርድ ልብስ የተለበጠውን ክፍል ትቃኛለች። «እዚያ ለቀስተኛው ሲሚንቶ ላይ ተኮራምቷል፣ እዚህ ፍራሹ ተሰቅሏል። ያላ፣ አውርዱልን እንጂ!»

የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ያረጋል ጉጠት ይዘው ወንበር ላይ ወጡና ሽቦውን እየቆረጡ ያወርዱ ጀመር። ጉግሳን ቀብረው መመለሳቸው ነው፤ ንፍሮው ገና አልቀረበም። ሚስቱ ሰርክአዲስ በሁለት ሴቶች ተደግፋ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። ክፍሉ የጉግሳ የመቅረጫ ስቱዲዮ ነው። እነዚያን ፍራሾች በገዛ እጁ ሲሰቅል፣ መሃል ላይ ቆሞ ሲያጨበጭብና ሲያዳምጥ፣ አውርዶ መልሶ ሲሰቅል አንድ ክረምት አልፏል። ይህን መናገር አማራት። ነገር ግን ባሏን ቀብራ የመጣች ሴት ስለ ፍራሽ አታወራም።

የተናገረችው ልጇ ናት።

«ላ! ላ! እሱን አትንኩት!»

ዮሳቤጥ ከጓሮ ሮጣ ገብታ አንዱን ፍራሽ በሁለት እጇ እቅፍ አድርጋ ያዘች። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ድምጿ ግን እንደ ሽማግሌ የሻከረ ነው። አቶ ያረጋል ጉጠቱን እንደያዙ ወንበሩ ላይ ቀሩ። ይህች ልጅ መቃብሩ አፋፍ ላይ ዓይኗ ሳይረጥብ መቆሟን ሁሉም አይቷል። አሁን እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል።

«ተዉአት፣ ሐዘን ነው» አለች የኔነሽ ጮክ ብላ። ከዚያ ወደ ጎረቤቷ ጆሮ ጠጋ ብላ «ለአባቷ ያልወጣው እንባ ለፍራሽ ወጣ» ስትል ሰርክአዲስ ሰማቻት።

ፍራሾቹ ወርደው ሳሎኑና በረንዳው ላይ ተነጠፉ። ሁለቱን የኔነሽ ከሩቅ ለመጡ እንግዶች ማደሪያ ብላ ጎረቤት ወዳለው ቤቷ ወሰደች። ሴቶቹ ተቀምጠው እግራቸውን ዘረጉ፤ አንዷ ፍራሹን መታ መታ አድርጋ «ጥሩ ስፖንጅ ነው» አለች።

ሰርክአዲስ ክፉ ነገር ከመምጣቱ በፊት አስባ የምትጨርስ ሴት ናት። ካርቱም ከገባች ጀምሮ ያልፈራችው የለም። ዓባይ ሞልቶ ሰፈራቸውን ጅሬፍን ሲጠርግ፣ በፖሊስ ከሻ ታፍሰው በለበሱት ልብስ ድንበር ላይ ሲጣሉ፣ ሱቅ ዐረቢ ያለው የልብስ መደቧ በእሳት ሲጋይ፣ ሁሉንም በልቧ አይታዋለች። አብልጣ የምትፈራው ግን ከህረባን፣ ኤሌክትሪኩን ነበር፤ ጉግሳ ቀኑን ሙሉ ሽቦ ውስጥ ነው የሚውለው። «ይኼ ሽቦ አንድ ቀን ይገድልሃል» ትለዋለች። «ቀኑን ቁረጪልኝና ሥራ አልይዝበትም» ይላታል።

ጉግሳ የሞተው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከሱቅ ዐረቢ ሲመለስ፣ መስኮቱ ጥግ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ። ረዳቱ የተኛ መስሎት እስከ መጨረሻው ፌርማታ ወሰደው። ይህንን አስባው አታውቅም ነበር። ሰው በመጣ ቁጥር ተነሥታ ደረቷን እየደቃች «ጉግሳዬ!» ትላለች፤ ድምጿም በወጉ ይወጣል። እንባ ግን የለም። ዋናው ክፉ ነገር ገና በመንገድ ላይ ያለ ስለሚመስላት ጆሮዋ በር በሩን ነው የሚያዳምጠው።

አመሻሹ ላይ ወንዶቹ በረንዳው ላይ ሻይ እየጠጡ ስለ ሟቹ በለሆሳስ ያወጉ ነበር።

«የልጄን ሠርግ የቀዳልኝ እሱ ነው» አለ አንዱ። «አማቴ በየመሃሉ ስታስል ነበር። ሳሏን ለቅሞ አወጣው። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ተቀይማዋለች፤ እኔ የለሁበትም ትላለች።»

«የእኛን መዘምራንስ?» አሉ አቶ ያረጋል። «አንዷን ልጅ ጫማሽ ይንቋቋል ብሎ በባዶ እግሯ አቆማት። እሺ፣ አወለቀች። ቀጥሎ የመቁጠሪያዬን ድምፅ ሰማሁ አለና እኔን ከነመቁጠሪያዬ አስወጣኝ!»

ሳቅ ብለው ወዲያው ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ አላቸውና አቀረቀሩ። «ነፍሱን ይማር» ተባለ። ሰርክአዲስ በሳሎኑ መስኮት ትሰማለች። ጉግሳ አገር ቤት የሬዲዮ ጣቢያ ቴክኒሻን ነበር፤ መንግሥት ሲለወጥ ከሌሎቹ ጋር በመተማ ወጣ። ገዳሪፍ ስደተኞች መሃል ስታገኘው ሰው ሁሉ ልብሱንና ፎቶውን ይዞ ሲመጣ እሱ የያዘው በሸሚዝ የተጠቀለለ የመበየጃ ብረት ነበር። ያን ጊዜም ፈርታው ነበር፤ መሣሪያ መስሏት።

በማግስቱ ኢሳ መጣ።

ኢሳ የጉግሳ ሸሪክ ነው። የውጭ ሰው ብቻውን ሩኽሳ ማውጣት ስለማይሆንለት የስቱዲዮው ፈቃድ በእሱ ስም ነበር፤ መሣሪያዎቹም እንደዚሁ። ነጭ ጀላቢያውን ሰብስቦ በረንዳው ላይ ተቀመጠ፣ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ ፋቲሓ ቀራ፣ «አልበረካ ፊኩም፣ ኡም ዮሳቤጥ» ብሎ በልጇ ስም ጠርቶ አጽናናት። ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰ።

«ጉግሳ ወንድሜ ነበር» አለ በመጨረሻ። አማርኛ የለመደው ከጉግሳ ነውና አነጋገሩ እሱን ይመስላል። «ግን ያለ እሱ ምን ልሠራበት? እኔ አንዱን ቁልፍ ከሌላው አለይም። ከኡምዱርማን ገዢ አግኝቻለሁ። ነገ ከሰዓት ሁሉንም ጭኖ ይወስዳል።»

«ነገ እኮ ሣልስት ነው።»

«አውቃለሁ። ጠዋት ልምጣ ብሎኝ ዐይብ ነው፣ ነውር ነው አልኩት። ከሰዓት ያልኩት ለዚያ ነው።»

ሰርክአዲስ ምንም አልመሰላትም። መሣሪያው ቢሄድ የሚፈራ ሽቦ ይቀንሳል። ከኋላዋ ግን ብርጭቆ ወለል ላይ ተከሰከሰ። ዮሳቤጥ የሻዩን ትሪ ጥላ ወደ ጓሮ እየሮጠች ነበር።

ከቀትር በኋላ ዳውድ የሚባል ረጅም ልጅ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። እናቱ የጎንደር፣ አባቱ የከሰላ ሰው ናቸው፤ ጉግሳ ዘንድ ከበሮ ሊመታ ሲመላለስ ሰርክአዲስ ከሩቅ ታየዋለች። ጥቁር ካናቴራውን ገልብጦ ስለለበሰ ስፌቱ ሁሉ በውጭ ነው። ደረቱ ላይ ያለው የራስ ቅል ሥዕል ለለቅሶ ቤት እንደማይሆን አስቦ መሆን አለበት። እሷ ግን የራስ ቅሉን ጥርሶች በጨርቁ አሳልፋ ለየቻቸው። ልጁ ጥቂት አቀርቅሮ ከቆየ በኋላ ወደ ጓሮ ወጣ። ከዮሳቤጥ ጋር ሲንሾካሾኩ አየቻቸው።

ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

«ስንት ወርሽ ነው?» አለቻት ልጇን።

«የምን ወር?»

«አትዋሺኝ! የአባትሽ አፈር ሳይደርቅ!»

ዳውድ ሁለት እጁን አንሥቶ ከግድግዳው ጋር ተጣበቀ። «ላ ላ ላ፣ ኻልቲ! ወላሂ የለም! እኔ ከበሮ ነው የምመታው፣ ከበሮ ብቻ!»

ዮሳቤጥ ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። «ዘፈን ነው እማዬ። እነ ዳውድ ጋር እዘፍናለሁ። ሜታል።»

«ሜታል ደግሞ ምንድን ነው?»

«እንደ… ጩኸት ነው። ከሆድ የሚመጣ። አባዬ ነው ሲቀዳን የነበረው። ዓመት ሆኖናል።»

ሰርክአዲስ የውኃው በርሜል ጠርዝ ላይ ተደገፈች። ያለፈው ክረምት የልጅቷ ድምፅ ሻክሮ አልመለስ ሲል የጉሮሮ ካንሰር ነው ብላ ደምድማ ነበር። ማር በዝንጅብል አጠጣቻት። እየተነሣች አተነፋፈሷን አዳመጠች። በመጨረሻ ሦስቱም እዚያው ካርቱም ሪያድ ሰፈር ወደሚገኝ አንድ ክሊኒክ ሄዱ፤ ሐኪሙ በባትሪ አየና «ደህና ናት፤ ከመጮህ ብዛት ነው» አለ። «ማን ላይ ነው የምትጮኺው?» ብላ ልጇን ስትጠይቅ ጉግሳ አንገቱን አቅንቶ የጣሪያውን ማራገቢያ ይመለከት ነበር።

«ያውቅ ነበር» አለች አሁን። «እኔ መቃብርሽን ስቆፍር እሱ ያውቅ ነበር።»

«‹እናትሽ የምትፈራው ሞልቷታል፤ እኛ አንጨምርባት› አለኝ።»

በሞተ ሰው መናደድ ነውር ስለሆነ ሰርክአዲስ ቁጣዋን ወደ ዳውድ አዞረችው። «ታዲያ አሁን ምን ታንሾካሹካላችሁ? ሰውየው ሞተ፣ ዘፈኑ ቀረ፣ ኸላስ!»

«አልቀረም ኻልቲ። አልበሙ ስምንት ዘፈን ነው፤ ሰባቱ አልቋል። የመጨረሻው ጊታሩም ከበሮውም ገብቷል፤ የእሷ ድምፅ ብቻ ነው የጎደለው። ጉሮሮሽ ይረፍና እሁድ እቀዳሻለሁ ብሏት ነበር።»

ጉግሳ የሞተው ቅዳሜ ነው።

«ሌላ ስቱዲዮ ቅዱት።»

«ሌላ ቦታ ያ ማይክ የለም። ሌላ ሰው ነው የምትመስለው፤ ከሰባቱ ጋር አትገጥምም። ከመጀመሪያው እንዳንቀዳ ጊታሪስቱ ካይሮ ሄዷል። ነገ ከሰዓት ዕቃው ከተጫነ…» አለ ዳውድ ጫማውን እያየ።

«እና ለቅሶ ቤት ውስጥ ልትጮኹ? አንድ የእድር ሰው ቢሰማስ? ባሏን ቀብራ በማግስቱ ዘፈን አስቀዳች ይሉኛል። እኔ ስሞት ማን ይቀብረኛል?»

«መጀመሪያ ስሚው» አለች ዮሳቤጥ። «ስሚውና ከዚያ እምቢ በይ።»

ከስቱዲዮው በመስታወት የተከፈለች ጠባብ ክፍል አለች፤ ኮምፒዩተሩ እዚያ ነው። ሰርክአዲስ የጉግሳ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዳውድ የጆሮ ማዳመጫውን በነጠላዋ ላይ አጠለቀላት።

መጀመሪያ የመኪና ግጭት መሰላት። ጊታሩ ቆርቆሮ ሲቀደድ ነው፤ ከበሮው ይጣደፋል፤ መሃል ላይ የሚያጓራው የልጇ ጉሮሮ መሆኑን ለማመን ቸገራት። አንድም ቃል አልያዘችም፤ አልወደደችውምም። ይህን ጩኸት ግን ሰምታው ታውቃለች። ጉግሳ አንድ ሥራ ሲጨርስ የጎረቤቱን ባለ ሦስት እግር ታክሲ፣ ራክሻውን ይጠራና ቅጂውን በራክሻዋ ስንጥቅ ድምፅ ማጉያ ከፍቶ ሰፈሩን ይዞራል። መዝሙርም ይሁን የሠርግ ዘፈን «ሰው የሚሰማው እዚህ ነው፤ እዚህ ካላማረ አላማረም» ባይ ነው። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ አሳፈራት። ሾፌሩ ማጉያው የተበላሸ መስሎት ሊያጠፋ ሲል ጉግሳ እጁን ያዘው።

«ይኼ ደግሞ ምን ጉድ ነው?» ብላው ነበር።

«እኔም አልገባኝም። ግን በእግር የሚመታው ከበሮና ቤዝ ጊታሩ ተደበላልቀዋል፤ እሱ ይገባኛል» አለና ሳምንት ሙሉ ሲለያያቸው ከረመ።

«እኛ ሁሉም ነገር ከፍ እንዲል ነበር የምንፈልገው» አለ ዳውድ፣ ያሰበችውን የሰማ ይመስል። «እሱ እምቢ አለ። ሁሉን ወደ ላይ ካወጣችሁት አንተ ትጠፋለህ አለኝ። ተጣላን፤ ሄድኩ። ተመልሼ ስሰማው፣ ኻልቲ፣ እያንዳንዱ ምት ለብቻው ቆሟል።»

በሦስተኛው ዘፈን መሃል ሁሉም ነገር በአንዴ ቀጥ አለ። ልጇ አየር ስትስብ ብቻ ተሰማ። ሰርክአዲስ ቀና አለች። ከእስትንፋሷ በስተጀርባ ምንም የለም። ጄኔሬተር የለም፤ የውኃ ፓምፕ የለም፤ የራክሻ ጡሩምባና የጎረቤት ቴሌቪዥን የለም። ካርቱም ራሷ የለችም። ያንን እስትንፋስ ስንት ጊዜ አልጋው ጠርዝ ላይ ሆና በጨለማ ስታዳምጥ በሽታ ስትፈልግበት ነበር፤ እንዲህ ጥርት ብሎ ግን ሰምታው አታውቅም። ጉግሳ ማቀዝቀዣዋን እየነቀለ ወተቷን የሚያበላሸው፣ በግንቦት ሐሩር ማራገቢያ አጥፍቶ በላብ የሚጠመቀው ለዚህ ኖሯል። እጇን ማዳመጫው ላይ ጫነች።

የመጨረሻው ዘፈን ሲመጣ ጊታርና ከበሮ ብቻ ሆነ።

«እዚህ ላይ ሰው የለም» አለች።

«እኔ ነኝ የምገባው» አለች ዮሳቤጥ።

«ስለ ምን ነው?»

«ስለ ከህረባ መጥፋት።»

«ለእሱ ነው ይኼ ሁሉ ጩኸት?»

«በየቀኑ ይጠፋ የለ? ማንም አይጮህም።»

ሰርክአዲስ ማዳመጫውን አውልቃ ወደ ለቀስተኞቹ ተመለሰች። 

በሣልስቱ ጠዋት ለቀስተኛው ለቤተ ክርስቲያን ተሰናዳ። ሁለት ሚኒባሶች በር ላይ ቆመው አቶ ያረጋል ያሳፍራሉ። ሰርክአዲስ አንድ እግሯን መወጣጫው ላይ አድርጋ ወደ ኋላ ዞረች። ዮሳቤጥ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ተራዋን እየጠበቀች፣ የስቱዲዮውን በር ታያለች። አትለምንም፤ አታለቅስም። ዕቃውን የሚጭነው መኪና ከአሁኑ ፊቷ የቆመ ይመስላል።

ሰርክአዲስ እግሯን አወረደች።

«ልቤ» አለች። «ልቤ ልክ አይደለም።»

«ምን ሆንሽ?» የኔነሽ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«እንደ ጉግሳ ነው የሚያደርገኝ። እዚሁ ሚኒባስ ውስጥ ነው የምቀረው።»

ሌላ ሴት ብትለው ማንም አያምንም ነበር፤ ከባሏ ሣልስት የምትቀር ሚስት አልታየችም። ሰርክአዲስን ግን ሁሉም ያውቃታል። ዕድሜዋን ሙሉ ሞት ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት፤ በቀደም ደግሞ ሞት መጥቷል። «ትቅር፣ ትቅር» ተባለ። የኔነሽ «እኔ አብሬያት እሆናለሁ» ብላ መውረድ ጀመረች።

«አንቺ ከቀረሽ ሙሾውን ማን ያወጣዋል?»

ይኼ እውነት ነበር። የኔነሽ ሰርክአዲስን አየች፣ ሚኒባሱን አየች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። በመስኮት ግን «ልጅቷም ልትቀር ነው? ከአባቷ ሣልስት?» አለች።

«እኔን ማን ይይዘኛል?»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሰርክአዲስ ያንን አስተያየት አየችው፤ ገና ብዙ ዓመት እንደሚከተላትም ገባት። ሚኒባሶቹ አቧራ አስነሥተው ሄዱ።

«በል ጥራው ያንን ልጅ» አለች፤ ለሴት ልጇ በወንድ አንቀጽ መናገሯን እንኳ ሳታስተውል። «ቶሎ!»

ዳውድ ሩቅ አልነበረም። ፍራሾቹን ከሳሎንና ከበረንዳ ጎትተው አስገቡ፤ ንፍሮ ከእጥፋታቸው ረገፈ። ሽቦው ተቆራርጧልና መስቀል አልተቻለም። በወንበርና በጠረጴዛ እየደገፉ ሦስቱን ጎን አቆሙ። ከዮሳቤጥ ጀርባ የሚሆነው ግድግዳ ግን ባዶ ቀረ፤ ሁለቱ ፍራሾች የኔነሽ ቤት ናቸው፣ ቤቱም ተቆልፏል። ዳውድ መሃል ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ አጨበጨበ። ጭብጨባው ከባዶው ግድግዳ ተመልሶ መጣ።

«ይኼ ያበላሸናል» አለ። «ድምጿ እዚያ መትቶ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባል።»

«ብርድ ልብስ እንስቀልበት» አለች ዮሳቤጥ።

«በምን? ሚስማሩን ሁሉ ነቅለውታል።»

ሰርክአዲስ ከመኝታ ቤት ወፍራሙን ብርድ ልብስ አመጣች። ከልጇ ኋላ ሄዳ በሁለት እጇ ከራሷ በላይ ዘረጋችው። እሷ አልታየችም፤ ጣቶቿ ብቻ ከላይ ቀሩ።

«እስቲ አጨብጭብ» አለች ከብርድ ልብሱ ኋላ።

አጨበጨበ። ምንም አልተመለሰም።

«ኻልቲ፣ ዘፈኑ ረጅም ነው። እጅሽ ይዝላል።»

«ጀምር አልኩህ።»

«እሺ። ግን ካበቃች በኋላም የመጨረሻው ድምፅ እስኪጠፋ እየቀዳሁ ነው። እጄን እስካወርድ ትንፋሽም ቢሆን ያበላሸዋል።»

ዳውድ ወደ መስታወቱ ኋላ ሄደ። ሰርክአዲስ ብርድ ልብሱን ትንሽ ዝቅ አድርጋ በጠርዙ አሾለከች። የልጇ ማጅራትና ከመስታወቱ ኋላ ወደ ላይ የተነሣው የዳውድ መዳፍ ይታያታል። አሁን ከህረባው ይጠፋል ብላ አሰበች። ፖሊስ ይመጣል። የኔነሽ አላስችል ብሏት ከመንገድ ትመለሳለች። አንዱም አልሆነም።

ጊታሩና ከበሮው በዮሳቤጥ ጆሮ ውስጥ ብቻ ነበሩ። ሰርክአዲስ የሰማችው ያለ ምንም አጃቢ ባዶውን ድምፅ ነው። ልጅቷ ትከሻዋ ከፍ አለ፣ አየር ሳበች፣ ለቀቀችው። ዝቅ ብሎ ከሆዷ ተነሣ፤ ብርድ ልብሱን መትቶ በክንዶቿ ውስጥ ሲገባ ተሰማት። ቃላቱን አሁንም አልያዘችም። ድምፁ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ልጅቷ አንገቷን ነቅነቅ እያደረገች ማንም የማይሰማውን ከበሮ ትጠብቃለች፣ ደግሞ ይመጣል። የሰርክአዲስ ክንዶች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። አላወረደቻቸውም። ጉሮሮዋ ይደማል ብላ አሰበች፤ ወዲያውም ሐኪሙ ደህና ናት ማለቱን አስታወሰች።

የመጨረሻው ድምፅ ረጅም ነበር። ሲያልቅ ዮሳቤጥ እንደ ድንጋይ ቀጥ ብላ ቆመች። የዳውድ መዳፍ ወደ ላይ እንደተነሣ ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ጉግሳ ከማንም ሰው የሚለምነው ጸጥታ ይኼ ነበር። አሁን እዚህ ተሠርቶ ቆሟል። እሱ ግን የለም። ነገም የለም።

ያን ጊዜ ነው የመጣው። ከደረቷ ሥር ተነሥቶ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ለለቀስተኛ ስታወጣው ከነበረው ድምፅ ጋር ምንም የማይገናኝ ነገር፣ ጉሮሮዋ ድረስ ወጣ። አፏ ተከፈተ። ሰርክአዲስ ፊቷን ብርድ ልብሱ ውስጥ ቀብራ ሱፉን በጥርሷ ነከሰችው፤ እንባዋ በጨርቁ ላይ ያለ ድምፅ ወረደ።

ዳውድ እጁን ገና አላወረደም።